ምሳ ላይ የቀደመው ሰውዬ

ከካዛንቺስ ወደ ሜክሲኮ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ያሉት ሽማግሌ ጦርነት ሸሽተው የመጡበትን አገር ስም ሲጠሩ፣ አጠገባቸው የተቀመጠችው የሆቴል አስተናጋጅ ዞር አለች።

«አባባ፣ ለድርድር የመጡት ያገርዎ ሰዎች እኮ እኛ ሆቴል ናቸው። ሁለቱም ወገን!»

«እና አገሩን ማን ይምራ ተባለ?»

«ኧረ እሱ ገና ነው። ማን ቀድሞ አዳራሽ ይግባ ሲባል ጠዋቱ አለቀ።»

«አዬ! ግማሹ አገር ነፃ ወጣ ይባላል፤ የኔ ቤት ያለው በቀረው ግማሽ ነው።»

«ቆይ ይስሙኝማ። ምሳ ላይ እጅ ላስታጥብ ስገባ ሁለቱም መሪዎች እኩል እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ደግሞ በቃ፣ እንደ ቤቴ፣ በዕድሜ ትልቁን ሰውዬ አስቀደምኩ።»

«ማንን?»

«አስተርጓሚውን! አለቃዬ በር ላይ ቆሞ ገላመጠኝ።»

«እነሱስ?»

«መጀመሪያ ተያዩ። ከዛ አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም ሳቀ። ከዛማ ‹እርስዎ ይቅደሙ፣ ኧረ እርስዎ› ሲባባሉ ውሃው አለቀብኝ።»

«ከሰዓትስ?»

«አብረው ገቡ። ለነገም ምሳ አዘዋል፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ።»

«እንግዲያውስ ነገ ውሃውን ሞላ አድርጊው፣ ልጄ።»

ሜክሲኮ ስንደርስ፣ ሁሌ ለመውረድ የምሽቀዳደመው እኔ፣ ሽማግሌው እስኪወርዱ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።