ላሚቱ እንዳይሸታት

አዴ ሶሬቲ ከነገሌ ገበያ የሚመለሱት ሁልጊዜ በእግራቸው ነበር። ያን ቀን ግን ልባቸው ቤት ቀርቶ ስለነበር ባጃጅ ያዙ። ውስጥ ጎረቤታቸው ኑኃሚን ተቀምጣለች። የወታደር ልጅ ናት፤ ካምፑ አጠገብ አድጋ፣ ፋርማሲ ተምራ፣ እዚያው ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች።

«አካም ጅርታ፣ አዴ?» ስትል በኦሮምኛ ደኅንነታቸውን ጠየቀቻቸው።

«ናጋ» አሉ፤ ፊታቸው ግን ሰላም አልነበረውም።

ትንሽ ብትገፋፋቸው የሆዳቸውን አወጡ። ልጃቸው ዲንኪቱ ሳንባዋን ታማ ጤና ጣቢያ እንክብል ታዞላት ነበር። ትኩሳቱ በረድ ሲል ተቅማጥ ጀመራት። እናት «መድኃኒቱ በዛባት» ብለው አስቋረጧት። ወተት መድኃኒት ያረክሳል ስለሚባልም እርጎውን አስቀድመው ከልክለዋታል። አሁን ሆዷ ቢረጋም ትኩሳቱና ሳሉ ተመልሰውባታል። አዴ ሶሬቲ የዲንኪቱን ታላቅ በእንዲህ ያለ ሳል ቀብረዋልና እንቅልፍ አጥተዋል።

ኑኃሚን አልተቆጣችም። እናት ለልጇ ስትል ያጠፋችው በቁጣ አይታረምም።

«አዴ፣ እንክብሉ የሳንባዋን ተሕዋስያን ሲገድል ሆዷ ውስጥ ያሉትን ደጎቹንም አብሮ ይፈጃል። የሚያስቀምጣት ለዚህ ነው። እርጎ ውስጥ ደግ ተሕዋስያን በሕይወት አሉ፤ ብዙ ሰው ላይ ተቅማጡን ይከላከላሉ ወይም ያቀልላሉ። ሁሉንም ግን አያድኑም። ከበረታ ወይም ደም ከታየበት ወደ ሐኪም ነው እንጂ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።»

«ወተቱስ መድኃኒቱን አያረክሰውም?» አሉ የእንክብሉን ማሸጊያ ከመቀነታቸው አውጥተው እያሳዩዋት።

«አንዳንዱን ያዳክመዋል፤ የዲንኪቱን ግን አይነካውም። ሲሰጥዎ መጠየቅ ነበር።»

አዴ ሶሬቲ ቀለል አላቸው። እንግዲያማ ጎርፋቸው፣ ያ የወተት ዕቃቸው፣ በእርጎ ሙሉ ነው፤ ዛሬውኑ ያጠጧታል። ኑኃሚን ግን ራሷን ነቀነቀች። ያ ካልተፈላ ወተት የረጋ ነው፤ ጥሬ ወተት ደግሞ ለታመመ ሰው ሌላ በሽታ ይዞ ይመጣል። ወተቱን አፍልተው፣ ለብ ሲል ከሱቅ በታሸገ እርጎ እንዲያረጉት፣ ጎርፋውንም በፈላ ውኃ አጥበው እንደ ልማዳቸው እንዲያጥኑት ነገረቻቸው።

አዴ ሶሬቲ ፊታቸውን አዞሩ። «ወተት እሳት ከነካው የላሚቱ ጡት ይደርቃል። እናቴ አላፈላችም፤ እኔም አላፈላም። ላሚቱ ከደረቀች ሁላችንም ምን እንበላለን?»

«አዴ፣ እኛ ቤት ወተት ሳይፈላ አይጠጣም።»

«የእናንተ ሌላ ነው።»

«ሌላ አይደለም። ወተቱን የሚያመጡልን እርስዎ ነዎት።»

አዴ ሶሬቲ ወደ እሷ ዞሩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታፈሉት?» ሲሉ ጠየቁ።

«ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ። የዚህችን ላም እናት ወተትም አፍልተናል።»

ያቺ ላም እስክታረጅ ድረስ ስትታለብ ኖራለች። ይህን ከአዴ ሶሬቲ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ኑኃሚን እንደመከረቻቸውም ባጃጁን ደጃፋቸው ላይ አስቁመው ዲንኪቱን በዚያው ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ሐኪሙም መርምሮ ሕክምናዋን እንደገና አስጀመራት።

ማታ ወተቱን አፈሉ። በክርክሩ ተረትተዋል፤ ልማድ ግን በአንድ ቀን አይለቅም። ላሚቱ እንዳይሸታት በሩን ዘግተው በጢስ እያለቀሱ ነበር ያፈሉት። ሲነጋም ልጃቸውን ከማየታቸው በፊት ወደ ላሚቱ ሄደው ጡቷን ዳሰሱ። ወተቷ እንደ ወትሮው ወረደ።

ዲንኪቱ በየቀኑ እርጎዋን እየጠጣች መድኃኒቷን ጨረሰች። ሆዷ ጥቂት ቢታወክም ያስቆማት አልነበረም፤ ሳሏም ለቀቃት። ወተት የሚያፈላ ቤት ልጆቹን ከብዙ ደዌ ይጠብቃል፤ መድኃኒቱን የሚጨርስም በሽታው በቀላሉ አያገረሽበትም። ሆዱ ሲታወክ ደግሞ የሚጠይቀው ባለሙያ አለው።

ሰንበት ብሎ አንዲት ጎረቤት አዴ ሶሬቲ ደጃቸው ላይ ወተት ሲያፈሉ አይታ ደነገጠች። ላሚቱ ብታውቅስ ስትል ጠየቀቻቸው።

«እሷማ ስታውቅ ኖራለች» አሉ ወተቱን እያማሰሉ። «ያላወቅሁት እኔ ነኝ።»