ኳስ የማይነካው ተጫዋች

በእኛ ጊዜ ኳስ ማለት ክብ ነው፣ በእግር ይመታል፣ ገባ ወይ አልገባም፣ አለቀ። እኔ ራሴ ሆሳዕና እያለሁ በረኛ ነበርኩ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው፣ ያኔ እንደዚህ አልወፈርኩም ነበር። እና ኳስ አውቃለሁ ብዬ ነው የኖርኩት። እዚህ ሜልበርን ስንመጣ ደግሞ ፉቲ የሚባል የአገሩን ጨዋታ አሳዩን፣ ኳሱ እንቁላል ይመስላል፣ በእጅም ይያዛል፣ እሺ ብለን እሱንም ለመድን። ታዲያ የመጨረሻው ልጄ ብሩክ፣ ታውቁታላችሁ አይደል፣ እዚህ ቸርች ስፒከሩን ለብቻው አንስቶ የሚያወጣልን ግዙፉ፣ እሱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እየተማረ ሳለ፣ አምና ነው፣ ከሥራ ስገባ በር ላይ ጠበቀኝ። እኔ ያኔ ጡረታ ልወጣ ትንሽ ቀርቶኝ ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻውን መኪና፣ እነዳለሁ፣ ደክሞኛል።

"ዳድ፣ የዩኒቨርሲቲውን ቡድን ጆይን አደረግሁ" አለኝ።

"የምን ቡድን?"

"የአሜሪካ ፉትቦል።"

እኔ በአማርኛ አዋራዋለሁ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል፣ እንደዚያ ነው የኖርነው፤ አሁን ለእናንተ እየተረጎምኩላችሁ ነው። እና ምን አልኩት፣ "ጥሩ፣ ጎል ስታገባ ጥራኝ" አልኩት።

"እኔ ጎል አላገባም ዳድ።"

"ታዲያ ታቀብላለህ?"

"አላቀብልም። ኳሱን አልነካም።"

"በጭራሽ?"

"በጭራሽ። መንካት አይፈቀድልኝም።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ ነው የምትሄደው?"

ሳቀና፣ "ኳሱን የሚወረውር ሊያም የሚባል ልጅ አለ። ሊመቱት የሚመጡትን አቆማለሁ። እሱ ወርውሮ እስኪጨርስ እጠብቀዋለሁ" አለኝ።

አስቴር፣ ባለቤቴ፣ ከጓዳ ሰምታ ወጣች። የእሷን ድምፅ ታውቁታላችሁ። "ሊመቱት የሚመጡትን? ሰው ነው የሚመታው?" አለች። ሄልሜቱን ያየች ቀን ደግሞ ባሰባት፤ ፊቱ ላይ ፍርግርግ ብረት አለው፣ "ይሄ ለጨዋታ የሚደረግ ነገር ነው? ልጄን ለዚህ ነው ያሳደግሁት? አንድም ቀን እዚያ ሜዳ አልረግጥም" አለች፣ አልረገጠችም። እኔ ግን ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ኳስ የማይነካ ተጫዋች ማየት ፈልጌ ይሆናል።

ታዲያ የመጀመሪያው ቀን ዝናብ ነው፣ ንፋሱ ከጎን ይገርፋል፣ ተመልካቹ ከእኔ ጋር ተደምሮ አንድ ሚኒባስ አይሞላም። እና ተሸነፉ። መሸነፍ ብቻ? ተረገጡ! ልጆቹ ጥቂት ናቸው፣ ቀያሪ የላቸውም፣ ሲያጠቁ የነበሩት ራሳቸው ተመልሰው ይከላከላሉ። ዳሪል የሚባል አሜሪካዊ አሰልጣኝ አላቸው፣ ድምፁ የተቀደደ፣ ሽማግሌ ነው፣ ይጮኽባቸዋል፣ ሲያልቅ ደግሞ አንድ በአንድ ያቅፋቸዋል። ሁለተኛውንም ተሸነፉ። እኔ ግን፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ዓይኔ ከኳሱ ለቀቀ። ብሩክን ብቻ ማየት ጀመርኩ። ኳሱ ከመሬት ሲነሳ ያ ሁሉ ግንድ የሚያክል ሰው ወደ ሊያም ይሮጣል፤ ሊያም ደግሞ ቀጭን ነው፣ እንደ ሸንበቆ፣ ንፋስ የሚወስደው ልጅ። እና ሊያም ወደ ኋላው አያይም! እዚያ ቆሞ ሩቅ ያያል፣ ማን ጋ ልወርውር ብሎ ያስባል። አይፈራም። ለምን? ብሩክ አለ። የእኔ ልጅ፣ ቤት ውስጥ ሳህኑን እንኳን የማያነሳው ልጅ፣ እዚያ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በእግዚአብሔር፣ ፀጉሬ ቆመ።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ማሸነፍ ጀመሩ። አንዱን አሸነፉ፣ ሌላውን አሸነፉ፣ እኔም ቅዳሜ ኦቨርታይም አልሠራም ማለት ጀመርኩ። አለቃዬ "ኤርጫፎ፣ ምን ነካህ?" ሲለኝ "ልጄ ይጫወታል" እለዋለሁ። ቤት ገብቼ ላወራ ስል አስቴር "አትንገረኝ" ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ተጎዳ?" "አልተጎዳም።" "በቃ፣ ሌላውን አትንገረኝ።"

እንዲህ እንዲህ እያሉ ካሸነፉ ፍጻሜ የሚገቡበት ጨዋታ ላይ ደረሱ። ቀኑ ሞቋል፣ ሰውም መጥቷል። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ እኩል ናቸው፣ ሊያም ኳሱን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ እና ከተጋጣሚዎቹ አንዱ በግራ በኩል ማንም ሳይዘው አመለጠ። ማንም አልያዘውም! ሊያም አላየውም። ብሩክ ግን አየ። እሱ ራሱ ያቆመውን ሰው ትቶ በጎን ገባበትና ተጋጩ። ድምፁን ልንገራችሁ? ላቨርተን መጋዘን ውስጥ ዕቃ የተጫነበት ሙሉ ፓሌት ከላይኛው መደርደሪያ ሲወድቅ ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ ነው። ያኛው ተነሳ። ብሩክ አልተነሳም።

ቆይ... ውኃ ስጡኝ እስቲ።

እሺ። አልተነሳም። እግሩ አልተንቀሳቀሰም። እና ያን ጊዜ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። አንዱ ተንበረከከ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ሜዳው ሁሉ፣ የእኛዎቹም፣ የእነሱም፣ የገጨው ልጅ ራሱ፣ ሄልሜታቸውን አውልቀው አንድ ጉልበታቸውን መሬት ላይ አደረጉ። ማንም አላዘዛቸውም። ያ ሁሉ ጩኸት ጸጥ አለ፣ መኪና መንገዱ ላይ ሲያልፍ ይሰማል። እኔ ስንት ዓመት ጸልያለሁ፣ ስንት ኮንፈረንስ ሄጃለሁ፣ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። በኋላ ነው ልማዳቸው እንደሆነ የነገሩኝ፤ ሰው ሲወድቅ ሁሉም ይንበረከካል፣ እስኪነሳ ወይም እስኪወሰድ። እኔ በዚያን ሰዓት ልማድ መሆኑን የት አውቄ? ልጄ ሞቷል አልኩ። ልጄ ሞቶ ነው የሚንበረከኩት አልኩ።

አጥሩን እንዴት እንደዘለልኩት አላውቅም። በዚህ ጉልበቴ! ስደርስ አንዲት የሕክምና ልጅ ራሱን በሁለት እጇ ይዛለች፣ "አትንካው" አለችኝ። ሊያም እጁን ይዞታል፣ ያለቅሳል። እኔም ተንበረከኩ። ስሙን ልጠራ ብዬ አፌን ስከፍት የወጣው ሀዲይሳ ነው፣ የእናቴ ቋንቋ፤ ልጄ አንድ ቃል በማይሰማው ቋንቋ ነው የጸለይኩት። እና ብሩክ ዓይኑን ገለጠ። አየኝ። ምን አለኝ መሰላችሁ?

"አባዬ፣ እግሬ ይሰማኛል። አታልቅስ።"

በአማርኛ! ያ ስጠራው በእንግሊዝኛ የሚመልስልኝ ልጅ፣ "አባዬ" አለኝ።

ታዲያ አምቡላንስ መጣ፣ ወሰዱት፣ ለአስቴር ደወልኩላት፣ ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ሆስፒታል ከእኔ እኩል ደረሰች። ራጅ አነሱት፣ ዶክተሩ ወጣና "አንገቱ ደህና ነው፣ የተሰበረው ትከሻው ጋ ያለው አጥንት ነው፣ ጭንቅላቱንም ተመትቷል፣ ግን ይድናል" አለን። አስቴር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ቀና ስትል ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ቡድኑ ነው፣ እንዳለ መጥቷል፣ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ፣ ሣርና አፈር እንደለበሱ፣ ግድግዳውን ተደግፈው አንገታቸውን ደፍተዋል። ነርሷ ልታስወጣቸው መጥታ አይታቸው ተመለሰች።

ሊያም ወደ አስቴር መጣ። "ሚስስ፣ እኔ ነኝ ሊያም። እኔን ሊመታ የመጣውን ነው እሱ የተቀበለው። እኔ አልችልም... ማለቴ፣ ይቅርታ" አለ፣ ቃሉ ተምታታበት። እኔ አሁን ትጮኽበታለች ብዬ ፈራሁ። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። እና ምን አለች? በአማርኛ ነው ያለችው፣ ይግባው አይግባው ግድ አልሰጣትም፣ "አንተ ነህ? እንዲህ ነው የምትከሳው? እናትህ አታበላህም?" አለችና ጉንጩን ይዛ ሳመችው። ልጁ እዚያው ተንሰቀሰቀ።

ማሸነፋቸውን ማንም አልነገረንም እኮ! ብሩክ ራሱ ነው ከአልጋው ላይ የጠየቀው፣ "አሸነፍን?" ብሎ፣ ያኔ ነው ዳሪል አዎ ብሎ ራሱን የነቀነቀለት።

[ከአድማጮቹ ዮናስ፦ ፍጻሜውንስ ጋሼ?]

ፍጻሜውን ተሸነፉ። አዎ፣ ተሸነፉ። በጥቂት ነው የተሸነፉት። ብሩክ ክንዱ ታስሮ ዳር ቆሟል፣ አስቴር አጠገቤ ናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ የረገጠችው ያን ቀን ነው። ሲያልቅ ያሸነፉትና የተሸነፉት ተያይዘው ክብ ሠርተው ሲንበረከኩ አየችና "ማን ነው ያሸነፈው?" አለችኝ። "እነዚያ" አልኳት። "ታዲያ የእኛዎቹን ለምን ያቅፏቸዋል?" እኔም አላውቅም። ቆመን አየናቸው።

[ሰላም፦ ዘንድሮስ ተወው በሉኛ ጋሼ። መቼም እትዬ አስቴር አይፈቅዱለትም።]

ስሚኝማ። ትከሻው ሲድን እናቱ ፊት ተቀመጠና፣ "ማም፣ የሚያስጨንቅሽ ከሆነ እተወዋለሁ" አላት። ከልቡ ነው። እኔ በሆዴ እልል አልኩ። እሷ ግን "ትተኸው? ያን ቀጫጫ ልጅ ለማን ትተኸው?" አለችው።

[ሁሉም ሳቁ።]

[ሰላም፦ እኔ ግን ልጄ ልጫወት ሲለኝ እሺ ማለት አልችልም ጋሼ። እፈራለሁ።]

ፍሪ ልጄ፣ ማን አትፍሪ አለሽ? እኔም እየፈራሁ ነው የማየው። ቅዳሜ ጨዋታ አለ፣ ነይና አብረን እንፍራ።