ወንድይፍራው የወሰደልኝ ጥፋት

ወንድይፍራው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ ወይን ቤት የመጣው በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ተሳፍሮ ነው። ዝናብ ነበር፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ። በእሱና በሞተረኛው መካከል ፕሮሴኮ የሚባለውን አረፋማ የጣሊያን ወይን አንድ ጠርሙስ ሸጉጦ፣ ችሎታውን ለአለቃችን ለአቶ ሕሩይ ሊያሳይ መጣ። በየጉድጓዱ ሲናጥ የመጣ ጠርሙስ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ወይን የማያውቅ ሰው እንኳ ይገምታል። ቡሹ የጣሪያውን አምፖል ሰበረ። ወይኑ እኔ ጠዋቱን ሙሉ የተየብኩትን ደብዳቤ አጠበው። እሱም ፊቱን በእጅጌው ጠረገና በትሕትና እንዲህ አለ፦ «ከቦዳ የወረደ ወይን እንደ ተሳፋሪው ነው፤ ማረፍ ነበረበት።» አቶ ሕሩይ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ይህ ሰው ሳምንት አይቆይም ብዬ ደብዳቤውን እንደገና መተየብ ጀመርኩ። ሃያ አንድ ዓመት ቆየ።

የመሸኛ ንግግር ስጽፍ ይህ ሰባተኛዬ ነው። ነጥብና ሰረዝ በቦታው ታስቀምጣለች ስለምባል ሁልጊዜ የምታዘዘው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ወንድይፍራው በአራት ዓመት ያንሰኛል፤ እሱ ከነገ ጀምሮ ሙቱንጎ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሐይቁን ያያል፤ እኔ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ጋ ነኝ። ስለዚህ አመስግኜ ቶሎ ብቀመጥ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ወንድይፍራው በእሱ ቦታ የምትተካውን ሔሊናን ሰላም ካላላት ሦስት ወር ሆኖታል። የዚህ ምክንያቱ እኔ ነኝ። ይህን ሳልናገር አልቀመጥም፤ መጀመሪያ ግን የሚገባውን ያህል እንሳቅበት።

በእሱ ፊት «ሻምፓኝ» ብሎ የጣሊያን ወይን የጠየቀ ሰው ጠርሙሱን ከመቀበሉ በፊት ትምህርቱን ይቀበላል። ሻምፓኝ የአንድ የፈረንሳይ አውራጃ ስም እንደሆነ፣ ጣሊያኖች የራሳቸው ወይንና የራሳቸው ስም እንዳላቸው፣ ሁሉንም ይሰማል። አንድ ቀን ለልጃቸው ሠርግ ሊገዙ የመጡ አባት ሩብ ሰዓት ያህል ቆመው ካዳመጡት በኋላ፣ «ልጄ፣ ሙሽራይቱ ሳታረጅ ብትሸጥልኝ» አሉት።

የዚህ አገር ልጅ የሆነው ሾፌራችን ሰማኩላ ደግሞ የተማረው መኪና ውስጥ ነው። ፕሮሴኮ ጋዙን የሚያገኘው በትልቅ ጋን ውስጥ ተብላልቶ ነው፤ ስለዚህ ቀለል ያለና ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ነው። ፍራንቻኮርታ የሚባለው ሌላው የጣሊያን ወይን ግን በየጠርሙሱ ውስጥ ይብላላል፤ በአተላው ላይ ከአንድ ዓመት ተኩል ያላነሰ ይተኛል፤ ስለዚህ የዳቦ ሽታ አለው። ይህን ከመጋዘን እስከ ደንበኛ በር፣ በመንገድ መጨናነቁ ሁሉ፣ ሲደጋግምለት ኖሯል። ዛሬ ሰማኩላ የሚያውቃቸው የአማርኛ ቃላት አራት ናቸው፤ አንዱ አተላ ነው።

ቡሽ እንዲጮህ አይፈቅድም። ቡሹን አጥብቆ ይዞ ጠርሙሱን ያዞራል፤ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ከቀዳ በኋላ ብርጭቆውን ወደ ጆሮው ያስጠጋል፤ አዲስ ደንበኛ ሲያየው ስልክ የሚያነጋግር ይመስለዋል። አረፋው ደቃቅ ሲሆን ድምፁም ደቃቅ ነው ይላል። ለማረጋገጥ ሞክሬዋለሁ፤ እኔ የሰማሁት ማቀዝቀዣውን ነው።

ስለ ምግብም ማንንም አያፍርም። ለአገሩ አዲስ የሆኑ የኤምባሲ ሰዎች ከፕሮሴኮ ጋር ምን እንደሚቀርብ በስልክ ሲጠይቁት «ሮሌክስ» አላቸው። የእጅ ሰዓት መሰላቸው። እሱ የሚለው መንገድ ዳር በቻፓቲ የሚጠቀለለውን እንቁላል ነው። ቅባትና ጨው ያለበት ምግብ ለዚህ ወይን ይስማማዋል። ላምብሩስኮ የሚባለውን አረፋማ ቀይ ወይን ደግሞ ማቶኬ ከሚባለው የበሰለ ሙዝና ከኦቾሎኒ ወጥ ጋር አቀረበልን። እያጉረመረምኩ ቀመስኩት። እውነቱን ነበር፤ በዚያን ቀን ግን አልነገርኩትም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለአበሻ ደንበኞቻችን መደርደሪያው ላይ የሚለጠፍ የአማርኛ ካርድ እንድጽፍ ታዘዝኩ። የፕሮሴኮው ጠርሙስ «ኤክስትራ ድራይ» ይላል። እኔ እንግሊዝኛን በአርጩሜ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ድራይ ደረቅ ነው፣ ኤክስትራ እጅግ ነው። «እጅግ ደረቅ፤ ጣፋጭነት ፈጽሞ የሌለው» ብዬ ጻፍኩ። ማንንም አልጠየቅሁም። ዋንዴገያ ማተሚያ ቤት ወስጄ ሁለት መቶ ካርድ አሳተምኩ። ጣፋጭ መጠጥ የማይወዱ አንድ ነባር ደንበኛችን ካርዱን አምነው ለሰባ እንግዳ የሚሆን ገዙ። በማግሥቱ ተመልሰው መጡና፣ «ይህን የጻፈው ሰው ቀምሶታል?» ብለው ጠየቁ። አልቀመስኩትም ነበር። ለካ በዚህ ወይን ኤክስትራ ድራይ የሚባለው ብሩት ከሚባለው ይልቅ ይጣፍጣል፤ ድራይ ብቻ የተባለው ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል።

አቶ ሕሩይ ካርዱን ማን እንደጻፈው ሲጠይቁ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ወንድይፍራው፣ «እንደዚያ ብለው ይጻፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት። ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ። ለማስፈረም ስወስድለት ፊቴን አየና፣ «እትዬ ጸሐይነሽ፣ የእርስዎ ትርጉም ትክክል ነው። የተሳሳቱት ጣሊያኖቹ ናቸው» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ሦስት ብርጭቆ ደርድሮ አስቀመጠኝ፤ ብሩት፣ ኤክስትራ ድራይ፣ ድራይ። ስማቸውን ሳላይ በጣዕም እስክለያቸው ድረስ አልለቀቀኝም። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን። አንድም ቀን አልተቆጣም። እኔ በልጅነቴ እንደዚያ ያለ አስተማሪ አልገጠመኝም። ከምጠጣው ነገር ደስታ ማግኘት የጀመርኩት በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው።

ባለፈው መጋቢት ወንድይፍራው ከአዲሶቹ ጠርሙሶች አንዱን ቀምሶ «ደህና ነው» ብሎ ፈረመ። ሔሊና ብርጭቆውን አሸተተችና ወደ እኔ አየች። እኔም አሸተትኩት። ዝናብ የመታው ካርቶን ይሸታል፤ ቡሹ ያበላሸው ወይን ነው። ይህን ሽታ ያስተማረን እሱ ራሱ ነው። መጋዘን ድረስ ተከትዬው ገባሁና ምን እንደሚሸተው ጠየቅሁት። በሩን ዘጋና መለሰልኝ።

«እትዬ፣ ከገናው ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ይመለስልኝ ይሆናልና እስከ ሰኔ ዝም ይበሉልኝ።»

እሺ አልኩት። በሦስተኛው ቀን ለአቶ ሕሩይ ነገርኩ።

የጡረታው ምክንያት አፍንጫው እንደሆነ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ማን እንደተናገረ ግን አልሰማችሁም። ቦታው ለሔሊና ሲሰጥ ወንድይፍራው የተናገረችው እሷ መሰለችው። እሷ እኔ መሆኔን ታውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» እያለች መልስ ስታጣ አንድም ቀን ስሜን አላነሳችም።

ወንድይፍራው፣ አሁን የምናገረው ለአንተ ነው። ያ ወይን ለሰው ድግስ ሊሄድ ነበርና መናገሬ ትክክል ነበር። አስቀድሜ ለአንተ ሳልነግር መናገሬ ግን ትክክል አልነበረም። አንተ የእኔን ጥፋት በራስህ ላይ አስጻፍክ፤ እኔ የሰጠሁህን ቃል ሦስት ቀን አልጠበቅሁም። ከዚያም የእኔን ቅጣት ሌላ ሰው ሲቀበል እያየሁ ዝም አልኩ። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ዓረፍተ ነገር ሳርም ኖሬ፣ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሦስት ወር ፈጀብኝ። ይቅር በለኝ። ሔሊና፣ አንቺም ይቅር በይኝ።

አመሰግንሃለሁ ስልህ ለሥራህ ብቻ አይደለም። የማያውቅን ሰው ሳታዋርድ ስላስተማርክ አመሰግንሃለሁ። በዚህ ክፍል ውስጥ ካለን ሰዎች ይህ ያልደረሰው ማንም የለም።

ሐኪሙ ምላስህ ደህና ነው ማለቱን ራስህ ነግረኸኛል። ጣፋጩ ቀርቶልሃል፤ ኮምጣጣው ቀርቶልሃል፤ የአረፋው ቁንጥጫም ቀርቶልሃል። ስለዚህ ከወይን ሁሉ ዛሬም ያልከዳህ ይኸኛው፣ አረፋማው ነው። ጤና ይስጥህ። ጠዋት እስኪበቃህ ተኛ። ልጆችህ ሳትጠራቸው ይምጡልህ። አፍንጫህም ከተመለሰ እሰየው፤ ካልተመለሰም ያለህ ይበቃሃል።

አሁን ሁላችሁም ተነሡ። የተቀዳላችሁ ብሩት ፕሮሴኮ ነው፤ የመረጠችው ሔሊና ናት። ሔሊና፣ ብርጭቆሽን ይዘሽ ወደ እሱ ሂጂ። ወንድይፍራው፣ ሽታውን እሷ ትንገርህ፤ ጣዕሙን አንተ ንገራት። ከእኔ ጋር ዛሬ ብርጭቆ ባታጋጭ አልቀየምህም። ከእሷ ጋር ግን አጋጭ።

ለጤናህ። ሁለታችሁ እስክትጠጡ እኛ ቆመን እንጠብቃለን።