ጋሼ አምደሚካኤል ታፕ ያደረጉ ዕለት

ሰው መድኃኒት ሲገዛ ለቤቱ የሚቀርበውን ፋርማሲ ይመርጣል። ጋሼ አምደሚካኤል ግን ሁለት አውቶቡስ የሚያስይዘውን መረጡ። እሳቸው በሚኖሩበት የሜልቦርን ሰፈር በብሬብሩክ አበሻ የማይገባበት ፋርማሲ የለም፤ ሐኪማቸው ያዘዙላቸው ደግሞ የካናቢስ ዘይት ነው። ሌሊት ሌሊት እግራቸውን የሚለበልባቸውን የነርቭ ሕመም ያስታገሠላቸው እሱ ብቻ ነው። ሕጋዊ ነው፣ በማዘዣ ነው፤ ቢሆንም የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ የሆነ ሽማግሌ ስሙ ከካናቢስ ጋር እንዲነሣ አይሻም። ስለዚህ በየወሩ ኖርዝ ሜልቦርን ይሄዳሉ፤ ከፋርማሲው ጎን ባለው መጠጥ ቤት ውስጥ ካለው የባንክ ማሽን ገንዘብ ያወጣሉ፤ ከፍለው ጠርሙሷን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ሸሽገው ይመለሳሉ። መጠጥ ቤቱ ውስጥ የሚያብለጨልጩትንና የሚንጫጩትን ማሽኖች የሕፃናት መጫወቻ አድርገው ነበር የሚያዩዋቸው። ይህን ሚስጥር ማንም አያውቅም፤ ልጃቸው ማሂ እንኳ።

የኮሮናው ዓመት ሊያልቅ፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል እንደ ልማዳቸው ሄዱ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ፋርማሲስት አዲስ ናት። ማስክ ስላደረገች ዓይኖቿ ብቻ ይታያሉ። ማዘዣው ላይ ስማቸውን ስታነብ እነዚያ ዓይኖች በደስታ አበሩ።

«ጋሼ አምደሚካኤል! እንደምን ዋሉ? ትሕትና እባላለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ እንደምንም። «የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?»

«ቤተሰቦቼን የሚያውቋቸው አይመስለኝም። ፖይንት ኩክ ነው የምንኖረው፤ ጴንጤዎች ነን።»

ጋሼ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጴንጤ በመሆኑ አምላካቸውን አመሰገኑ። ቶሎ ከፍለው ለመውጣት ማስካቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አደረጉ፤ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አራሱና ብሩን ይቆጥሩ ጀመር።

«ኧረ ጋሼ!» ትሕትና ወደ ኋላ ሸሸች። «በዚህ ወረርሽኝ ጣት ይላሳል እንዴ?»

«አባቴም እንዲህ ነበር የሚቆጥረው።»

«የአባትዎ ዘመን ብር ወረቀት ነበር፤ ይሄ የአውስትራሊያው ፕላስቲክ ነው፣ ምራቅ አይፈልግም። ደግሞስ ማስታወቂያውን አላዩትም? ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ካሽ አንቀበልም። ከእጅ እጅ የሚዞር ነገር ቀንሰናል።»

«ንጹሕ ገንዘብ ነው፤ ለፍቼ ያገኘሁት።»

«ንጽሕናውን አልተጠራጠርኩም፤ ምራቁን ነው እንጂ» አለች በትሕትና። ስሟ አንዳንዴ ይሠራል። «ካርድዎን ታፕ ያድርጉ፤ ማሽኑ ላይ ነካ ማድረግ ነው። አለዚያም በስልክዎ ከባንክዎ ያስተላልፉ። ሁለቱም ካልተመቸዎት የመክፈያ ሊንክ እልክልዎታለሁ፤ ቤትዎ ሆነው ይከፍላሉ፣ እኛ ደጅዎ ድረስ እናደርሳለን።»

«ደጄ ድረስ? ሀጎስ የሚባል ጎረቤት እንዳለኝ አታውቂም! ፖስተኛ ሲመጣ ከእኔ ቀድሞ የሚወጣ ነው።»

«እንግዲያው ታፕ።»

ጋሼ ወደ መስታወቱ ተጠጉ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው ነበር፤ ጆሯቸው ስለከበደ ግን ሰልፉ ሁሉ ሰማቸው። «ካርዱ ይጽፈዋል! ካናቢስ ብሎ! የባንክ ሂሳቤን በስልኳ የምትከታተለው ልጄ ናት። ይህን ከምታነብ እግሬ ይቆረጥ!»

«የሚጻፈው የፋርማሲው ስም ብቻ ነው፤ አስፕሪን ቢገዙም ያው ነው። ለመሆኑ ይሄን ብር ከየት አመጡት?»

«ከማሽን።»

«ማሽኑ በምን ሰጠዎት?»

«በ… ካርድ።»

«የትኛው ማሽን?»

በዚህ መሃል ስልካቸው ጮኸ። ጋሼ ስልክ የሚያነሡት በስፒከር ብቻ ነው።

«አባዬ! የት ነህ?» አለች ማሂ። «አሁን ከባንክ ሜሴጅ መጣልኝ። ፖኪስ ቤት ገንዘብ አውጥተሃል! ባለፈው ወርም እዚያው፣ ከዚያ በፊትም እዚያው። ሲሪየስሊ ዳድ፣ ቁማር ጀመርክ እንዴ?»

ሰልፉ ሁሉ ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ የመጠጥ ቤቱ የሕፃናት መጫወቻዎች የቁማር ማሽኖች እንደነበሩ አሁን ገባቸው። ካናቢስን ሸሽተው ቁማርተኛ ሆነው አረፉት!

«ቁማር? እኔ? ልጄ፣ እኔ እኮ…»

«ማታ ለቄሱ እደውላለሁ። ከኮሚቴው ገንዘብ ያዥነት እንዲያነሡህ እነግራቸዋለሁ። ይቅርታ፣ ግን ላንተ ብዬ ነው።»

ትሕትና የካርድ ማሽኑን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችና በሹክሹክታ «ጋሼ፣ አሁን ታፕ ቢያደርጉ ያሉበትን ቦታ ካርዱ ራሱ ይመሰክርልዎታል» አለች።

ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚፈራውን ነገር የሚደፍረው የባሰ ሲመጣበት ነው። ጋሼ «የመጣው ይምጣ!» ብለው ካርዳቸውን ማሽኑ ላይ አሳረፉ። ማሽኑ ጢጥ አለ። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ወዲያው ማሂ ስልክ ላይ ሌላ የባንክ ሜሴጅ ገባ። «ኬሚስት? ፋርማሲ ነህ?» አለች። ድምፅዋ ተለወጠ። «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው? ምንህን አመመህ?»

ጋሼ ይህን ጥያቄ ከዓመት በላይ ሲሸሹት ኖረዋል፤ ሲጠየቁ ግን እንዴት እንደናፈቁት አወቁ።

«እግሬን፣ ልጄ። ሌሊት አያስተኛኝም ነበር። መድኃኒቱ… ካናቢስ ነው።» ይህንንም ሰልፉ ሁሉ ሰማ።

ማሂ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ። «እኔ እኮ ኤጅድ ኬር፣ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው! ለስንት ሽማግሌ በእጄ የምሰጠውን አንተ ከእኔ ትደብቃለህ? ሌሊቱን ሁሉ ብቻህን ስትሰቃይ እኔ ጎንህ ባለው ክፍል ተኝቻለሁ ማለት ነው?»

«አፍሬ ነው» አሉ ጋሼ። እውነቱም ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ አምደሚካኤል ሌላ ሰው ናቸው። መድኃኒቱን የሚገዙት ብሬብሩክ ከቤታቸው አጠገብ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ቀረ፣ መጠጥ ቤቱም ቀረ። ሌሊት ሲያማቸው ማሂን ይቀሰቅሷታል፤ እሷም ትነሣለች። የነቢያትን ጾም ቅዳሴ ያለ ምርኩዝ ቆመው አስቀደሱ። በኮሚቴው ስብሰባም ተነሥተው ለምእመናኑ የአሥራትና የመባ መክፈያ የካርድ ማሽን እንዲገዛ አጥብቀው ተከራከሩ። በወረርሽኝ ጊዜ የስንቱ እጅ የነካውን ብር መቀባበል እንደማይገባ፣ ሰልፍ እንደሚያጥር፣ ካርድ የት እንደዋሉ እንጂ ምን እንደገዙ እንደማያወራ በሰፊው አስረዱ። ሊቀመንበሩ ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቁ ቢጠይቋቸው «ከሐኪም ትእዛዝ» ብለው ተቀመጡ።

ማሽኑ ተገዛ። በመጀመሪያው እሑድ ሰልፉን የመሩት ጋሼ ነበሩ። ምእመናኑ ሁሉ እያያቸው ካርዳቸውን አወጡ፤ ማስካቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አራሱና ታፕ አደረጉ።