መርዙን ከውሻው አፍ ያወጣ ሰው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የዕድራችን ሰዎች፣ ጓዶች፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የክንዱ ባለቤት፣ የሺመቤት እኅቴ፣ አንቺንም ከነልጆችሽ ያጽናሽ።

ብዙ አልናገርም። ደክሞኛል። አስናቀ እባላለሁ፤ ከሟቹ ከክንዱ ጋር ዐሥራ አራት ዓመት አብሬ ሠርቻለሁ። ብዙዎቻችሁ ግን በስማችን አታውቁንም። «ውሻ ገዳዮቹ» ነበር የምትሉን። እውነት ነው፤ ገዳዮች ነበርን። ከማዘጋጃ ቤት መርዝ የነካው ሥጋ በባልዲ ይሰጠናል፤ ጧት በየሰፈሩ እንጥላለን፤ ከሰዓት በኋላ የሞተውን በጋሪ ሰብስበን ከሐይቁ ርቀን እንቀብራለን። ያን ጊዜ ማን አዘነ? ውሻ ማለት ምን ነበር? ከአጥር ሥር የሚያድር፣ ትራፊ የሚጣልለት፣ ድንጋይ የሚወረወርበት። እኛም እንደዚያው ነበር የምናስበው።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሁለት ሕፃናት በእብድ ውሻ ተነክሰው ሞቱብን። ያልታሰረ ውሻ ሁሉ ይገደል የሚል ትእዛዝ መጣ። ክንዱም አልተቃወመም። ሕፃናቱን ቀብረን ነበር የወጣነው።

ሹም አቦ ሰፈር፣ እማማ ወለተ ኪዳን በር ላይ ደረስን። እማማ፣ እዚህ ነዎት፤ ይቅር ይበሉኝ። ልጃቸው አለበል ሰሜን ዘምቷል። አንበሴ የእሱ ውሻ ነው። ሥጋውን የወረወርሁት እኔ ነኝ። አንበሴ አነሣው። እማማ ነጠላ እንኳ ሳይደርቡ ሮጠው ወጡ።

«ልጆቼ፣ ምን አደረጋችሁ? አለበል ሲመጣ ምን እለዋለሁ?»

ክንዱ ባልዲውን ጣለ። ዘሎ የውሻውን አንገት ያዘ። እጁን አፉ ውስጥ ከተተና ሥጋውን አወጣው። አንበሴ ነከሰው። እጁ እየደማ፣ «እማማ፣ ገመድ ያምጡ፤ ይታሰርና እንየው» አለ። ሃያ አንድ መርፌ ሆዱ ላይ ተወጋ። ሃያ አንድ ቀን ጎንበስ እያለ ሥራ ገባ። ውሻው አላበደም።

ከዚያ የቀበሌ ስብሰባ ላይ አቆሙት። ትእዛዝ ጥሶ ውሻ ያተረፈ፣ ለሕፃናት ሞት ደንታ የሌለው ነው ተባለ። «ጓድ አስናቀ፣ አንተስ ምን አየህ?» አሉኝ። ምን ብል ጥሩ ነው? ውሻው ታስሮ ጤነኛ መሆኑን እያወቅሁ «አላየሁም» አልሁ። ዐሥራ ሁለት ቀን ታሰረ። አይቻለሁ፣ ወገኖቼ። ከሦስት ዓመት በኋላ እላችኋለሁ፤ አይቻለሁ። ይህን ለበላይ የምትጽፉ ካላችሁ ጻፉት። ደክሞኛል።

ሲፈታ ደጅ ጠበቅሁት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። «የውሻ ክትባት አለ ይላሉ፤ አብረን እንጠይቅ» አለኝ። ስምንት ወር በየቢሮው ደጅ ጠና። ክትባቱን አመጣው።

ሰባታሚት ገበሬዎቹ መንደር የክትባቱን የመጀመሪያ ቀን ታስታውሳላችሁ? «ባለቤቱ ራሱ ይያዝልኝ» ሲል ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አለ። አንድ አዛውንት ገበሬ፣ «ስምንት ዓመት አብሮኝ ኖሯል፤ በድንጋይ እንጂ በእጄ ነክቼው አላውቅም» አሉ።

«እንግዲያው ዛሬ ይንኩት። ከጆሮው ሥር ይጀምሩ» አላቸው ክንዱ።

ነኩት። ከመርፌው በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ እሳቸው እጃቸውን ሳያነሡ እዚያው ቁጢጥ ብለው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ መርዝ ይዘን አልወጣንም።

ድመትሽስ? የሺመቤት፣ ቤት አትገባም ብሎ ስንት ዓመት ሲያባርራት አልነበረም? በዚህ ሕመሙ እግሩ ላይ ተኝታ አገኘኋትና ላወርዳት ብል፣ «ተዋት፤ ታሞቀኛለች» አለኝ።

አለበል ከዘመተበት አልተመለሰም። ክንዱ ይህን ማዳን አልቻለም። ግን አንበሴ ዛሬ የሚያድረው ከእማማ አልጋ አጠገብ ነው።

ክንዱ ወንድሜ፣ ሰኞ ዱርቤቴ ከተማ የክትባት ቀጠሮ ነበረን። ሰዉ ውሻውን በገመድ ይዞ ይጠብቃል። ጉልበቴ አልቋል፤ ቢሆንም እሄዳለሁ። «ጓደኛህስ?» ሲሉኝ፣ ዐረፈ እላለሁ። በል፣ ደህና ሁን።