ጎረቤት ያልመረቀው ቤት

ከጎብዬ ወደ ቆቦ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከፊቴ ያወራሉ።

«የገዛኸውን ቤት አድሰህ ጨረስክ አሉ?»

«ሴራሚኩም ቀለሙም አለቀ። አትርፌ ልሸጠው ነበር።»

«ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?»

«ትናንት ጎረቤቱን ለዱዓ ጠራሁ። ሁሉም መጣ፤ ግን ግቢ ቆሞ ቀረ። ሳሎን የገባ አንድ ሰው የለም።»

«ለምን?»

«አንድ ሽማግሌ፣ ‹ልጄ፣ ገብተን ከመረቅንልህ በሽያጩ ተስማማን ማለት ነው። ቤቱ ለሻጩና ለእህቱ ከአባታቸው የተወረሰ ነው። እህቱን ጠይቀሃታል?› አሉኝ።»

«አልጠየቅካትም?»

«ወላሂ መኖሯንም አላውቅ! ብቸኛ ወራሽ ነኝ ሲለኝ አመንኩት።»

«አላህ ያውጣህ! አሁን የት ናት?»

«እንጃ። መልኳንም አላውቀው። ሴት ባየሁ ቁጥር እሷ ትመስለኛለች።»

ወንድሜን በመልክ ስለምመስለው ሻርፔን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ፣ ቆቦ እስክንደርስ ፊቴን ከመስኮቱ አልመለስኩም።