ሚስማሯና መንዙማው

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሐጂ ኸሊል የኮታቸውን ኪስ በእጃቸው ሸፍነው ተቀምጠዋል። ኪሳቸው ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለች አንዲት ትንሽ ሚስማር አለች። መኪናው ሊነሳ ሲል የጎረቤታቸው ልጅ ረውዳ ሮጣ ገባችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አሰላሙ ዓለይኩም ሐጂ! ምነው በዚህ በኩል? ጨርቁን አምባ ጊዮርጊስ ድረስ እያዞሩ መሸጥ ጀመሩ እንዴ?»

«ወዓለይኩሙ ሰላም፣ ልጄ። ጨርቅስ አልያዝሁም። እንዲያው አንድ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው።» እጃቸው ከኪሳቸው አልተነሳም።

ረውዳ የሕክምና ምስል ባለሙያ ናት። ሰው ሲናገርና ሲያዜም የትኛው የአንጎሉ ክፍል እንደሚሠራ በምስል ከሚያጠኑ ሐኪሞች ጋር ትሠራለች፤ የዚያን ዕለትም ለጥናቱ ፈቃደኛ ሰው ፍለጋ ሄዳ መመለሷ ነበር።

«እትዬ ዙሌይካ እንዴት ናቸው?» ስትል ስለ ባለቤታቸው ጠየቀቻቸው።

«እጇ እየተፍታታ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። አፏ ግን ከእኔ ጋር ተጣልቷል።»

«ከእርስዎ ጋር ብቻ?»

«ከሰው ሁሉ ጋር! ውሃ ስትፈልግ በጣቷ ትጠቁማለች። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶቹ መጥተው መንዙማ ሲጀምሩ ግን አንዲት ቃል ሳትስት ከዳር እስከ ዳር ታወርደዋለች! ለመንዙማ የሚሠራ አፍ ለኸሊል ምነው እንቢ አለ?»

«እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

«ወይ ኩርፊያ ነው። በወደቀችበት ዕለት ሳልነግራት ስድስት እንግዳ ለምሳ ጠርቼባት ነበር። ወይ ደግሞ...» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ጅን ነው።»

«አራት ወር ሙሉ ኩርፊያ?»

«ዙሌይካን አታውቂያትማ!»

ፊት ለፊት የተቀመጡ የወገራ ገበሬ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ሐጂ ኸሊል ሞኝ አልነበሩም። የአንጎል ደም ስር መዘጋቱን ሐኪም ሲነግራቸው ሰምተዋል። ነገር ግን አርባ ዓመት ሙሉ ሱቃቸውን ሲከፍቱ ከሱቁ በላይ ካለው ቤታቸው መስኮት «ኸሊል!» የሚል የዙሌይካ ድምፅ ይከተላቸው ነበር። ያ ድምፅ ከቀረ ወዲህ የሱቁ በር ራሱ ከብዷቸዋል። ቀልዱ የዚህ መሸፈኛ ነበር።

«ሐጂ፣ ኩርፊያም ጅንም አይደለም» አለች ረውዳ። «በብዙው ሰው ንግግርን የሚያቀናጀው የአንጎል ክፍል በግራ በኩል ነው፤ እሳቸው የተጎዱት እዚያ ላይ ነው። ዜማ ግን የቀኙንም ክፍል ይጠቀማል። እኛ ጋ ያለው መሣሪያ ይህንን ያሳያል።»

«ጭንቅላቷን ከፍታችሁ?»

«ኧረ በፍጹም! ተኝተው ፎቶ እንደ መነሳት ነው። ጩኸት አለው እንጂ አያምም።»

«የልቧን ሚስጥርስ አያነብም? የጓዳችን ጉዳይ ሁሉ ሊወጣ ነው!»

«እርስዎ ፎቅ ላይ ቆመው ቅዳሜ ገበያን ቢያዩ፣ የትኛው ተራ ሰው እንደበዛበት ይታይዎታል አይደል? ማን ከማን ጋር ምን እንዳወራ ግን አይሰሙም። መሣሪያውም እንደዚያ ነው። የሚሠራው የአንጎል ክፍል ብዙ ደም ይስባል፤ መሣሪያው ደሙ የበዛበትን ተራ ያያል። ወሬውን አይሰማም።»

የገበያው ነገር ለነጋዴው ገባቸው።

«እሺ፣ ታየ እንበል። ምን ይጠቅማታል?»

«ጤነኛው መንገድ የቱ እንደሆነ ካወቅን ቃሉን በዚያ ማውጣት እንሞክራለን። ውሃ መጠየቅን በመንዙማው ዜማ እናለማምዳቸዋለን።»

ሐጂ ኸሊል ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «የነቢዩን ውዳሴ ለውሃ መጠየቂያ?»

«ውዳሴውን አንነካም፤ የምንዋሰው ዜማውን ብቻ ነው። አይሆንም ካሉ የሠርግ ዘፈን እንጠቀማለን። ለሁሉም ሰው ይሳካል ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ዱዓዎንም አያቋርጡ።»

እንዲህ በእርጋታና በአክብሮት ሲነገራቸው እንቢ ማለት ከበዳቸው። «ሸጋ፣ እንሞክረው» አሉ። ሆኖም አምባ ጊዮርጊስ ሄደው የጠየቋቸው ሽማግሌ «ጅን ብረት ይፈራል፤ ይህች ሚስማር ከአካሏ እንዳትለይ» ብለዋቸው ነበር። ሐጂም ሁለቱንም ልያዝ ብለው ቤታቸው ገቡ። ለብዙ ሰው የማይታይ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አሮጌውንና አዲሱን ደርቦ፣ ለአንዱ የሌላውን ሳይናገሩ መያዝ።

ረውዳ ምስሉን ሳትጠብቅ ልምምዱን ጀምራ ሦስት ሳምንት ተመላለሰች። የዙሌይካን ግራ እጅ ይዛ በቀስታ እየመታች «ው—ሃ ስጡኝ» ትላለች በመንዙማው ዜማ፤ ዙሌይካም ይከተላሉ። ሐጂ ግን «ማስተጋባት ነው እንጂ መናገር አይደለም» ይሉ ነበር።

የምርመራው ቀን ደረሰ። በዋዜማው ሐጂ ኸሊል ዙሌይካ የተኙ መስሏቸው ሚስማሯን በነጋዴ ጥንቃቄ በባለቤታቸው ሻሽ እጥፋት ውስጥ ሰፍተዋታል።

በምርመራው ቦታ ዙሌይካ የሆስፒታል ልብስ ለበሱ፤ ሻሻቸውን ግን አላወለቁም። ረውዳ በሩ ላይ ቆመች።

«እዚህ ውስጥ ያለው ማግኔት ብርቱ ነው። ብረት ካገኘ እንደ ጥይት ይስበዋል። እትዬ ዙሌይካ ላይ ሐብል፣ መርፌ፣ ምንም ብረት የለም?»

«የለም» አሉ ሐጂ ኸሊል ዓይናቸውን ከሻሹ ላይ አንስተው።

ዙሌይካ ሻሻቸውን ያዙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። ባላቸውን አዩ፣ ረውዳን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፈርታ ነው» አሉ ሐጂ።

ረውዳ የብረት መፈተሻዋን ልታነሳ ስትል ዙሌይካ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በግራ እጃቸው ጭናቸውን መታ መታ አደረጉ። ከዚያ በዚያው በሐሙሱ ዜማ፣ ቀስ ብሎ፣ ቃሉ ወጣ፦

«ሚስ—ማር... ሚስማር አለ... ኸሊል ሰፋው!»

ይህን ቃል ማንም አላስተማራቸውም። ሐጂ ኸሊል ከአራት ወር በላይ ቆይተው ለመጀመሪያ ጊዜ ከባለቤታቸው አፍ ስማቸውን ሰሙ፤ የሰሙትም በክስ ነው። እንባቸው ከሳቃቸው ጋር ተደባለቀ።

«እውነቷን ነው! እኔ ነኝ የሰፋሁት! ዙሌይካ፣ እንደገና ክሰሽኝ!»

«ሐጂ፣ ይህች ሚስማር ዓይናቸውን ልታጠፋ ትችል ነበር» አለች ረውዳ ስፌቱን እየተረተረች።

«ጅኑን ስሸሽ እኔው ጅን ልሆንባት ነበር» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ሻሹ በሌላ ተቀየረ፣ ፍተሻው ተደገመ፣ ምርመራው በሰላም አለቀ። በምስሉ ላይ ዙሌይካ ሲያዜሙ በቀኝ በኩል ደምቆ የታየውን ቦታ ረውዳ አሳየቻቸው። ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩና «ገበያው ወደዚህ ዞሯላ!» አሉ።

ዛሬ ሱቃቸው ለገባ ሁሉ ጨርቅ ከመለካታቸው በፊት ይመክራሉ። «አፉ የተጣመመ፣ እጁ በድንገት የዛለ ሰው ስታዩ በዚያችው ሰዓት ሐኪም ቤት አድርሱት። ቃል የጠፋበትን ሰው አኮረፈ፣ ጅን ያዘው አትበሉ፤ ቃሉ ሌላ መንገድ እየፈለገ ይሆናል። ከሐኪም ደግሞ ምንም አትደብቁ፤ የእኔን አይታችሁ ተማሩ።» ያቺን ሚስማር ግድግዳው ላይ መትተው የሜትራቸውን ገመድ ሰቅለውባታል። ጉዳቷን ትታ ሥራ ሠርታ ታገልግል ብዬ ነው ይላሉ።

ጠዋት ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ከላይ ከመስኮቱ ዜማ ይወርዳል።

«ኸሊል ሆይ... ኸሊል... ዛሬስ ለምሳ... ስንት እንግዳ ጠራህ?»